ሲሊካ ፊውም ጨመርኩ፣ ጥንካሬው ግን ንቅንቅ አላለም (ቀላል ግን ጠንካራ ኮንክሪት)

አቡኪው

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ግራ ገብቶኝ ነው የመጣሁት።

ክብደቱ ቀላል፣ ጥንካሬው ግን ከፍ ያለ ኮንክሪት ለመሥራት እየሞከርኩ ነው። በሜትር ኩብ ከ1900 ኪሎ እንዳይበልጥ፣ በ28 ቀን ደግሞ ጥንካሬው 50 ሜጋፓስካል (የግፊት መለኪያ) እንዲደርስ እፈልጋለሁ። ጠጠሩ በምድጃ የተነፋ ሸክላ ነው፣ ትልቁ 16 ሚሊ ሜትር። አሸዋው ተራ አሸዋ ነው።

መነሻ ቅልቅሌ ለአንድ ሜትር ኩብ እንዲህ ነው። ሲሚንቶ 500 ኪሎ፣ ውሃ 160 ሊትር፣ አሸዋ 690 ኪሎ፣ የተነፋ ሸክላ 500 ኪሎ፣ ከዚያ ላይ ሱፐርፕላስቲሳይዘር (ውሃ ሳይጨመር ቅልቅሉን የሚያላላ ኬሚካል)። ለመፈተሻ የሞላኋቸው ኩቦች በ28 ቀን ሲሰበሩ 44 ሜጋፓስካል ሰጡኝ። ለጀማሪ ክፉ አይደለም።

ከዚያ ሲሚንቶውን በዱቄት መተካት ጀመርኩ። 10 በመቶውን በሲሊካ ፊውም (ከሲሊከን ማቅለጫ ጭስ የሚሰበሰብ ደቃቅ ዱቄት) ስተካ 45 አገኘሁ። አንድ ብቻ! 30 በመቶውን በፍላይ አሽ (የድንጋይ ከሰል አመድ) ስተካ ደግሞ በ7 ቀን 19፣ በ28 ቀን 33። ያነበብኩት ሁሉ ሲሊካ ፊውም ጥንካሬን ወደ ላይ ይተኩሳል ይላል። እኔ ጋ ሲደርስ ምን ነካው?

ዱቄቱ ነው ወይስ እኔ?

ጋሽ ቫይብሬተር

የሰበርካቸውን ኩቦች ጣልካቸው?

አቡኪው

አልጣልኩም ጋሼ። ጥግ ላይ ተከምረዋል።

ጋሽ ቫይብሬተር

በል ተነስና ስብራቱን እይ። ስንጥቁ ጠጠሩን ዞሮ ነው ያለፈው ወይስ ጠጠሩን ለሁለት ከፍሎ?

አቡኪው

አየሁት። የሲሊካ ፊውሙ ኩብ ላይ ጠጠሮቹ በሙሉ ለሁለት ተከፍለዋል። የውስጥ ቀዳዳቸው እንደ ስፖንጅ ይታያል። ዞሮ ያለፈ ስንጥቅ አንድም አላገኘሁም።

ነጭ ጋዋን

እንግዲህ መልሱን በእጅህ ይዘኸዋል።

በተራ ኮንክሪት ጠጠሩ ከሊጡ (ሲሚንቶና ውሃው ከሚሠሩት ቡኮ) ይበረታል። ስለዚህ ስንጥቁ ደካማውን ቦታ ይፈልጋል፤ እሱም በጠጠሩና በሊጡ መካከል ያለው ስስ ድንበር ነው። ሲሊካ ፊውም ያንን ድንበር ይደፍናል፣ ጥንካሬም ይጨምራል። ያነበብካቸው ጽሑፎች አብዛኛዎቹ የሚያወሩት ስለዚህ ነው።

አንተ ጋ ነገሩ ተገልብጧል። የተነፋ ሸክላ ገጹ ሻካራ ነው፣ ቀዳዳም አለው። ሊጡ ውስጡ ሰርጎ ይነክሰዋል፣ ጠጠሩም ትርፉን ውሃ ከድንበሩ ይመጥጣል። ድንበሩ ከመጀመሪያውም ደህና ነበር ማለት ነው። ደካማው ጠጠሩ ራሱ ነው። ሊጡን የቱንም ያህል ብታጠነክረው ጠጠሩ ቀድሞ ይሰበራል። እኛ ላብራቶሪ ውስጥ «ጣሪያ መታ» እንላለን።

ግን በግምት አትሂድ። ጠጠሩን አውጣና ሞርታሩን (ሊጡንና አሸዋውን) ብቻ አቡካ፣ በሲሊካ ፊውምና ያለሲሊካ ፊውም። ሞርታሩ በደንብ ከጨመረ ኮንክሪቱ ግን ካልጨመረ፣ ጥፋቱ የዱቄቱ አይደለም።

ክሊንከር

ነጭ ጋዋን ያለችው ልክ ነው። ግን እኔን የሲሊካ ፊውሙ ሳይሆን የፍላይ አሹ ውጤት ነው ያስጨነቀኝ። በ30 በመቶ ምትክ በ7 ቀን መውረድ የሚጠበቅ ነው። 33 በ28 ቀን ግን በዛ። ይህ የጠጠር ጣሪያ አይደለም፣ ሊጡ ራሱ ደክሟል።

አንድ ጥያቄ ብቻ፤ የሲሚንቶው ከረጢት ላይ ምን ይላል?

እንግዳ 77

ይቅርታ፣ ከዳር ሆኜ ሳነብ ነበር። ዱቄቱ ሲሚንቶ ካልሆነ እንዴት ነው ሲሚንቶን የሚተካው? እንደ አሸዋ መሙያ ነው ወይስ እውነት ይጠነክራል?

ክሊንከር

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልዘርጋው።

ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ሁለት ዋና ነገር ይወልዳል። አንዱ ጥንካሬ የሚሰጠው የካልሲየም ሲሊኬት ማጣበቂያ ነው። ሌላው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ በቀላሉ የራሰ ኖራ በለው። ይህ ኖራ ለጥንካሬ ብዙም አይጠቅምም። ፖዞላን የምንለው ዱቄት ውስጡ ቅርጽ አልባ ሲሊካ አለው። ያንን ኖራ በልቶ ተጨማሪ ማጣበቂያ ይሠራል። ፖዞላን ለብቻው ከውሃ ጋር ቢቦካ ጭቃ ሆኖ ይቀራል፤ ኖራው ያስፈልገዋል።

ስሙ የመጣው ጣሊያን ውስጥ ፖዙኦሊ ከምትባል ከተማ ነው። ሮማውያን ከዚያ አካባቢ የሚገኘውን የእሳተ ገሞራ አመድ ከኖራ ጋር ያቦኩት ነበር። ቀላል ድንጋይም ያውቁ ነበር። 43 ሜትር ስፋት ያለውን የፓንተዮን ጉልላት ሲሠሩ ከታች ከባድ ድንጋይ፣ ወደ ላይ ሲወጡ ቀላል፣ ጫፉ አካባቢ ፓሚስ የሚባለውን ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጭምር አስገብተዋል። እኛ ዛሬ አዲስ ነገር እንዳገኘ ሰው የምናወራው ሁሉ እዚያ ጣሪያ ላይ አለ።

ዱቄቶቹ ግን አንድ አይደሉም። ሲሊካ ፊውም በጣም ደቃቅ ነው፣ ከሲሚንቶ ቅንጣት 100 እጥፍ ያንሳል። ስለዚህ ቶሎ ይሠራል፣ በሲሚንቶ ቅንጣቶች መካከል ያለውን ክፍተትም ይሞላል። ሜታካኦሊን ካኦሊን የሚባለውን ነጭ ሸክላ ከ650 እስከ 800 ዲግሪ በማቃጠል የሚገኝ ነው፤ እሱም ፈጣን ነው። የድንጋይ ከሰል ፍላይ አሽ ቀርፋፋ ነው። በ28 ቀን አትፍረድበት፣ 56 እና 90 ቀን ጠብቀው። የብረት ማቅለጫ ስላግ (ብረት ሲቀልጥ የሚተርፈው ዝቃጭ) ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ፖዞላን ብቻ አይደለም፣ ትንሽ ከተቀሰቀሰ ራሱም ይጠነክራል። ለዚህ ነው ግማሹን ሲሚንቶ በስላግ መተካት የሚቻለው። የኖራ ድንጋይ ዱቄት ፖዞላን አይደለም። ሥራው ክፍተት መሙላትና ሲሚንቶው በላዩ ላይ ቶሎ እንዲያድግ ማገዝ ነው። ከተቃጠለ ሸክላ ጋር ሲሆን ግን ያምርበታል።

ፖዞላንን መጠኑን አሳልፈህ ብትጨምር ኖራው ያልቃል። የተረፈው ዱቄት ዝም ብሎ ተቀምጦ ይቀራል።

አቡኪው

ወይ ጉድ። ከረጢቱን አየሁት። «ሴም 2» ይላል፣ ከዚያ «ቢ ፒ» የሚል ፊደል አለ። እስከ ዛሬ አላየሁትም።

ክሊንከር

ይኸው! በአውሮፓው መለኪያ ሴም 2 ቢ ፒ ማለት ከ21 እስከ 35 በመቶ ፖዞላን ቀድሞ የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ነው። ፋብሪካው የእጁን ተክቷል። አንተ ደግሞ በላዩ ላይ 30 በመቶ ተካህ። ፋብሪካው 30 ቀላቅሏል ብንል ለአንተ የቀረው እውነተኛ ክሊንከር (ምድጃ ውስጥ የተቃጠለው የሲሚንቶ ዋና አካል) ከግማሽ በታች ነው። 0.7 በ0.7 አባዛው።

19 መስጠቱም ይገርማል።

ነጭ ጋዋን

ሌላም አለ። አቡኪው፣ 30 በመቶውን በኪሎ ነው የተካኸው?

አቡኪው

አዎ። 150 ኪሎ ሲሚንቶ አወጣሁ፣ 150 ኪሎ ፍላይ አሽ አስገባሁ። የቀረውን አልነካሁም።

ነጭ ጋዋን

ይኸውልህ። የሲሚንቶ ክብደት ከውሃ 3.15 እጥፍ ነው። የፍላይ አሽ እንደ ምንጩ ይለያያል፣ 2.3 እንበል። 150 ኪሎ ሲሚንቶ ወደ 48 ሊትር ቦታ ይይዛል። 150 ኪሎ ፍላይ አሽ ግን 65 ሊትር። 17 ሊትር ትርፍ ከየት መጣ? ከየትም አልመጣም፣ ቅልቅልህ አበጠ። አንድ ሜትር ኩብ ያልከው ከአንድ ሜትር ኩብ በላይ ሆነ፣ በእያንዳንዱ ኩብ ውስጥ ያለው ሲሚንቶም ከጻፍከው አነሰ። ሲሊካ ፊውምም 2.2 አካባቢ ስለሆነ ታሪኩ ያው ነው።

ስትተካ በኪሎ ሳይሆን በይዘት (በሚይዘው ቦታ) አስላ፣ ትርፉን ከአሸዋው ቀንስ። በተራ ኮንክሪት ሰው ይህን ስህተት ሲሠራ ብዙ አይታወቅበትም። ቀላል ኮንክሪት ላይ ግን ክብደቱንም ጥንካሬውንም በጠባብ መስመር ነው የምትይዘው።

ተጠራጣሪው

አንድ ነገር ልጠይቅ፣ አትቆጡኝ። ሲሚንቶው ብቻውን 44 ከሰጠ፣ ዱቄቶቹ ደግሞ ወይ ምንም ካልጨመሩ ወይ ካወረዱ፣ ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? ሲሚንቶውን 550 አድርጎ መገላገል አይሻልም?

ጋሽ ቫይብሬተር

550 አድርገህ ወፍራም ግድግዳ ሙላና በማግስቱ ውስጡን በቴርሞሜትር ለካ። ከዚያ እንነጋገር።

ነጭ ጋዋን

ጋሼ ያሉትን በቁጥር ላስቀምጠው። እንደ ሻካራ ግምት፣ ሙቀት ካልወጣ በየ100 ኪሎ ሲሚንቶ ወደ 12 ዲግሪ ይጨምራል። 500 ኪሎ ላይ 60 ዲግሪ ማለት ነው፣ በተነሳበት ሙቀት ላይ የሚደመር። ቀላል ኮንክሪት ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ውስጡ አየር ስላለ ሙቀት አያሳልፍም፣ እንደ ብርድ ልብስ ነው። ውስጡ ከ70 ዲግሪ ሲያልፍ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ የሚያብጥና የሚሰነጥቅ ነገር ሊፈጠር ይችላል። ውጩ ቀዝቅዞ ውስጡ ሲግል ደግሞ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ይሰነጠቃል።

ፍላይ አሽና ብዙ ስላግ ሙቀቱን ያረግቡታል። ሲሊካ ፊውም አያረግበውም። ስለዚህ ዱቄት ስትመርጥ መጀመሪያ «ምን ሥራ ልስጠው?» በል። ጥንካሬ አንዱ ሥራ ብቻ ነው።

ክሊንከር

የካርቦኑም ነገር አለ። በዓለም ሰው ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ ነው። አብዛኛው ከነዳጁ ሳይሆን የኖራ ድንጋዩ ሲቃጠል ከድንጋዩ ውስጥ የሚወጣ ነው። ስለዚህ ነዳጁን ብትቀይርም አይቀርልህም። ክሊንከሩን መቀነስ ነው።

እዚህ ላይ ግን ሐቁን እንነጋገር። «ቀላል ኮንክሪት አረንጓዴ ነው» የሚል ማስታወቂያ ሳይ እስቃለሁ። የተነፋ ሸክላ ራሱ ከ1100 እስከ 1200 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ያልፋል። ጥንካሬ ለማምጣት ደግሞ ከተራው ይልቅ ብዙ ሲሚንቶ እንጨምራለን። ዱቄት ካልተካንበት ሒሳቡ አይመታም። ፓሚስና ስኮሪያ ተፈጥሮ ነፍታ ያዘጋጀቻቸው ስለሆኑ ምድጃ አይፈልጉም። ግን ጣሪያቸው አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ያለ ነው።

ድልድይ ወዳድ

ለተጠራጣሪው፦ ይህ ነገር የላብራቶሪ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ኖርዌይ ያለው የስቶልማ ድልድይ በ1998 ሲከፈት መካከለኛው ርዝመቱ 301 ሜትር ነበር። ከዚያ ውስጥ መሃሉ 184 ሜትር የሚሆነው በጠንካራ ቀላል ኮንክሪት ነው የተሠራው። ረጅም ድልድይ አብዛኛውን ጉልበቱን የሚጨርሰው ራሱን በመሸከም ነው። መሃሉን ስታቀልለት ይተነፍሳል።

ጥንካሬስ ይቆያል ወይ ለሚል ደግሞ፣ በ1919 ከተነፋ ሸክላማ ድንጋይ ኮንክሪት የተሠራች ሰልማ የምትባል የነዳጅ መርከብ ነበረች። ቴክሳስ ውስጥ ጋልቨስተን አጠገብ ከሰመጠች 100 ዓመት አልፏታል። የኮንክሪት ቀፎዋ አሁንም ከጨው ውሃው ላይ ብቅ ብሎ ይታያል።

ጋሽ ቫይብሬተር

የኮንክሪት መርከብ ስትሉ ተራው ሰው ያበዳችሁ ይመስለዋል።

ወደ ሥራው ልመልሳችሁ። ልጄ፣ ኩቡን ስትሞላ ስንት ሰከንድ ነዘርከው?

አቡኪው

ሊጡ ወፍራም ስለመሰለኝ ትንሽ በዛ አድርጌ… ምናልባት አንድ ደቂቃ።

ጋሽ ቫይብሬተር

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። አንተ ደግሞ ሳትቸኩልም አፈሰስክ።

በተራ ኮንክሪት ብዙ ስትነዝር ጠጠሩ ይሰምጣል። በዚህኛው ጠጠሩ ይንሳፈፋል! ጠጠርህ ከውሃ 1.25 እጥፍ ነው፣ ሞርታሩ ከ2.2 በላይ። እንደ ቡሽ ሽቅብ ይወጣል። የሰበርካቸውን ኩቦች የላይኛውንና የታችኛውን ጎን ቁጠር። ላዩ ላይ ጠጠር ከበዛ ኩብህ ሁለት ዓይነት ኮንክሪት ነው፣ የለካኸውም የደካማውን ግማሽ ነው።

ዱቄት እዚህ ጋ ነው ውለታ የሚውለው። ሲሊካ ፊውም ሊጡን ያጣብቀዋል፣ ጠጠሩን ባለበት ይይዘዋል። በወጣትነቴ ይህን የሚነግረኝ አጥቼ አንድ ሙሉ ወለል ላዩ ሁሉ ጠጠር ሆኖ ተነሳ። ማንጠፊያ ሲያልፍበት ይንጓጓል። ያን ቀን አልረሳውም።

ነጭ ጋዋን

ጋሼ የነገሩን ላይ ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ የተጠቀጠቀ ሲሊካ ፊውም ከሆነ የገዛኸው፣ እንደ ጥቃቅን ድቡልቡል ነው የሚመጣው። ቶሎ አይፈታም። መጀመሪያ ከጠጠሩና ከተወሰነ ውሃ ጋር አሽከርክረው፣ ሲሚንቶው በኋላ ይግባ። ካልተፈታ የሲሊካ ፊውም ጥቅም የለውም፣ እንደ አሸዋ ፍሬ ነው የሚቀመጠው። ግን እስከ ማታ አታቡካው፣ የተነፋው ሸክላም ይፋቃል።

ሁለተኛ፣ ጠጠሩን ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ውሃ ውስጥ ንከረው። ደረቁን ካስገባኸው ከሊጡ ውሃ ይጠጣና ስላምፑ (የእርጥብ ኮንክሪቱ ልልነት) በዓይንህ እያየኸው ይጠፋል። ውሃ ስትጨምርለት ደግሞ ሒሳብህ ሁሉ ይበላሻል። ጠጠሩ የጠጣው ውሃ ከ160ው ሊትር ውስጥ አይቆጠርም።

የሚገርመኝ ግን ጠጠሩና ዱቄቱ እንዴት እንደሚተጋገዙ ነው። ሲሊካ ፊውም የገባበት፣ ውሃው ያነሰ ሊጥ ከውስጥ ይደርቃል። ሳይሸከም፣ ፀሐይ ሳይነካው በራሱ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ከላይ የምታጠጣው ውሃ ደግሞ አይደርሰውም፣ ሊጡ ደፍኖታል። የተነከረው ጠጠር ግን ውስጡ የያዘውን ውሃ ቀስ እያለ ይመልስለታል። እያንዳንዱ ጠጠር ትንሽ የውሃ ጋን ነው። ቀርፋፋው ፍላይ አሽም ከወር በኋላ ውሃ ሲፈልግ ከዚያው ያገኛል። በተራ ጠጠር ይህ አይገኝም።

ተጠራጣሪው

እሺ፣ በከፊል ተሸንፌአለሁ። ግን ውሃ የያዘ ጠጠር፣ ዙሪያውን የደፈነ ሊጥ… እሳት ቢነሳስ?

ነጭ ጋዋን

ይህ የምር ጥያቄ ነው። ውሃው እንፋሎት ይሆናል፣ መውጫ ያጣል፣ የኮንክሪቱን ፊት እየፈነቀለ ይጥለዋል። ጠንካራና የደፈነ በሆነ ቁጥር ይብሳል። የተለመደው መድኃኒት ቀጭን የፖሊፕሮፒሊን ክሮች መቀላቀል ነው። በ160 እና በ170 ዲግሪ መካከል ይቀልጡና የእንፋሎት ቦይ ይተዋሉ። እሳት የሚያሰጋው ሕንፃ ከሆነ ይህን ሳትፈትን ሲሊካ ፊውም አታብዛ።

ክሊንከር

ወደ መጠኑ ስንመጣ፣ የአውሮፓው የኮንክሪት ደንብ ኢኤን 206 ሲሊካ ፊውምን ከሲሚንቶው ከ11 በመቶ በላይ አይቆጥርልህም። ከዚያ በታች ግን አንዱን ኪሎ እንደ 2 ኪሎ ሲሚንቶ ይቆጥረዋል። ፍላይ አሽን ደግሞ አንዱን ኪሎ እንደ 0.4። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማየት ብቻ ዱቄት ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ይነግርሃል።

እኔ ብሆን አቡኪው፣ ያልተቀላቀለ ሲሚንቶ ይዤ፣ 7 በመቶ ሲሊካ ፊውም እና 20 በመቶ ፍላይ አሽ አብሬ እሞክር ነበር። አንዱ ለመጀመሪያው ሳምንት፣ ሌላው ለኋላው። ግን ጠጠሩ ሳይቀየር 50 አትጠብቅ።

አቡኪው

(ከብዙ ሳምንት በኋላ)

ተመልሻለሁ፣ ጠፍቼ አይደለም። ኩብ ስጠብቅ ነው።

ሞርታሩን ብቻውን አቦካሁት። ያለሲሊካ ፊውም 61፣ በሲሊካ ፊውም 73። ነጭ ጋዋን፣ ጣሪያ መትቻለሁ። ዱቄቱን ስሰድበው ነበር፣ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ኩቦቹንም ቆጠርኩ ጋሼ። የላይኛው ጎን ላይ ያለው ጠጠር ከታችኛው በግልጽ ይበዛል። ጠጠር የበዛበት ላይኛው ጎን ነው ቀድሞ የተፈረካከሰው።

የቀየርኩት ይህ ነው። ጠጠሩን ከ16 ወደ 8 ሚሊ ሜትር አወረድኩት፣ ጥቃቅኑ ጠንከርና ከበድ ይላል። መጠኑንም ትንሽ ቀነስኩት። አንድ ቀን ሙሉ ነከርኩት። ሲሚንቶውን ያልተቀላቀለ አደረግኩ፣ 7 በመቶ ሲሊካ ፊውም በይዘት አስልቼ ተካሁ፣ ትርፉን ከአሸዋ ቀነስኩ። ነዘራው 15 ሰከንድ። በ28 ቀን 53 ሰጠኝ፣ ክብደቱ 1890። ለጥቂት ነው የተረፍኩት፣ 10 ኪሎ ብቻ!

የክሊንከርን ቅልቅል፣ ፍላይ አሹን የጨመረውን፣ በ28 ቀን አንዱን ኩብ ብቻ ሰብሬ 47 አገኘሁ። ተስፋ መቁረጥ ጀምሬ ነበር፣ ከዚያ 56 ቀን ያላችሁት ትዝ አለኝ። ሦስቱ ኩቦች ገና ውሃ ውስጥ ናቸው። አንዱን አሁን ልስበረው ይሆን?

ጋሽ ቫይብሬተር

አትነካካው። ውሃውን ብቻ እንዳይጎድል እይ።

እንግዳ 77

እኔም እየጠበቅኩ ነው። 56ኛው ቀን መቼ ነው?

አቡኪው

ከ19 ቀን በኋላ። እዚሁ እጽፋለሁ።